የ600 ዲርሃሙ ልጅ

 

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ነጃሺን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ615 የመካ ስደተኞችን የተቀበለው የሐበሻ ንጉሥ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የምፈልገው ግን ዘውድ ከመጫኑ በፊት ስለነበረው ልጅ ነው።

በኢብኑ ኢስሓቅ ሲራ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደተዘገበው ነጃሺ ለንጉሥ አባቱ አንድያ ልጅ ነበር። አጎቱ ደግሞ 12 ወንዶች ልጆች ነበሩት። የአገሩ ሰዎች ዘሩ የበዛው ይሻለናል ብለው አባቱን ገደሉና አጎቱን አነገሡ። ልጁ ሲያድግ በብልህነቱ የአጎቱን ልብ ስለገዛ፣ ነገ ይበቀለናል ብለው ፈሩ። ገበያ አውጥተው ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም ሸጡት። የዚያኑ ቀን ማታ አጎቱ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ ሳለ መብረቅ ገደለው። ከልጆቹ መካከል ለመንግሥት የሚሆን ቢፈለግ አንድም ጠፋ። ነጋዴውን ተከታትለው ልጁን ቀሙትና ዙፋን ላይ አስቀመጡት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ነጋዴው ገንዘቤን መልሱ ቢል እምቢ አሉት፤ ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ከሰሳቸው። ተሾመ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚቀብረው የተዋረደበትን ዘመን ነው። ነጃሺ ግን ሹማምንቱ በተሰበሰቡበት፣ ወይ ገንዘቡን መልሱለት፣ ወይ ባሪያው እጁን ይስጠውና ወደፈለገበት ይውሰደው ብሎ ፈረደ። ባሪያው እኮ ራሱ ነው! ገንዘቡን መለሱ።

ከዓመታት በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓ ስደተኞቹን ሊያስመልሱ የመካ ቆዳ በስጦታ ይዘው መጡ። ጃዕፈር ከሱረቱ መርየም ሲቀራ ጺሙ እስኪረጥብ አለቀሰ። ስጦታውንም መለሰው፤ አላህ መንግሥቱን ሲመልስለት ከእሱ ጉቦ አልተቀበለምና።

ከዚያ አንድ ሰው ዙፋኑን ሊቀማ ተነሳበት። ጦርነቱ ከወንዝ ማዶ ነበር። ዘጋቢዋ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ወንዙን ኒል ትለዋለች፤ አባይ ማለት ነው። ጥሊሊ ሆናችሁ ለምታነቡ ግሽ ዓባይ ጎረቤታችሁ ነው፤ ውሃው ታች ሲወርድ ምን እንደሚያክል ለእናንተ አይነገርም። ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ ዙበይር በአየር የተነፋ የውሃ አቁማዳ ደረቱ ስር አድርጎ ዋኝቶ ተሻገረ። የቀሩት እጃቸውን ዘርግተው ለነጃሺ ዱዓ ያዙ። ጦር ያለው ንጉሥ፣ ቁራጭ መሬት የሌላቸው ስደተኞች አላህን ይለምኑለታል! ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ ሲሮጥ ተመለሰ፤ ነጃሺ አሸንፏል።

በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ630 ሞተ። የዚያኑ ዕለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ ሞቱን ለሰሃቦች ነገሩ። በዓይን አይተውት ለማያውቁት ሰው ወደ መስገጃው ወጡ፣ ሰሃቦችን ከኋላቸው በሰልፍ አቆሙ፣ አራት ተክቢራ አድርገውም ሰገዱበት።