ሙታንን በክታብ ያቆመው ተዋናይ

የሆንግ ኮንጉ ተዋናይ ላም ቺንግ ዪንግ የተወለደው እ.ኤ.አ በ1952 ነው። በልጅነቱ የፔኪንግ ኦፔራ ተምሮ፣ በወጣትነቱ በብሩስ ሊ ፊልሞች የፍልሚያ ትዕይንቶች ላይ ሠርቷል።

ዝናን ያጎናጸፈው በ1985 በካንቶንኛ የተሠራው "ሚስተር ቫምፓየር" ነው። በፊልሙ ቢጫ ካባ የለበሰ የታኦ ሃይማኖት ካህን ሆኖ፣ እየዘለሉ የሚመጡ ሙታንን ግንባራቸው ላይ ክታብ እየለጠፈ ያቆማል። ተመልካቹ ፈርቶ ወዲያው ሲስቅ እርሱ ፊቱን አይፈታም፤ ለቀልዱ ሚዛን የሆነውም ይኸው ኮስታራነቱ ነበር።

ፊልሙ ከ20 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አስገብቶ ብዙ ተከታዮችን አፈራ። ዝናው ግን ዕዳም ሆነበት፤ ከካህኑ ካባ ውጪ ሊያየው የሚሻ ተመልካች ጥቂት ነበር። በ1989 ራሱ ባዘጋጀው ፊልም እንኳ ያንኑ ካህን ተጫውቷል።

በጉበት ካንሰር ሳቢያ ህዳር 8 ቀን 1997 በ44 ዓመቱ አርፏል። ከእርሱ በኋላ የታኦ ካህን ሆነው የተወኑ ሁሉ ግን ዛሬም የሚመዘኑት በእርሱ ነው።