ለገና የሚሰጥ የግድያ ታሪክ፤ የአጋታ ክሪስቲ ሕይወት

ባለፈው የገና በዓል ከአርሲ ነገሌ የመጣን ሦስት ተማሪዎች ወደ አገራችን ስንወርድ አንዱ ባልንጀራችን አጎቱ የሰጡትን አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ነበር። በእኛ ዘንድ ለገና ለልጅ ልብስ ይገዛል፤ ለዘመድ ዶሮና ቅቤ ይላካል። መጽሐፍ፣ ያውም የነፍስ ግድያ ታሪክ፣ ለበዓል ሲሰጥ ያየነው ግን ያን ጊዜ ነው። መጽሐፉ አጋታ ክሪስቲ የደረሰችው «የኤርኩል ፖይሮ ገና» ነበር። በበዓሉ ማግስት አረቄ ከሚወጣበት እሳት አጠገብ ተቀምጠን በየተራ እያነበብን መጨረሻው ላይ ስንደርስ የኋለኞቹን ቅጠሎች ተቀድደው አገኘናቸው። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ እስኪነጋ ተከራከርን። ሲነጋም የጸሐፊዋን ታሪክ ለማወቅ ፍላጎት አደረብን፤ ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበውም ያገኘነውን ነው። ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

አጋታ ሚለር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1890 በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ዳር ባለችው በቶርኪ ከተማ ተወለደች። እናቷ ልጅ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ማንበብ የለበትም የሚል እምነት ነበራት፤ ሕፃኒቱ ግን በአምስት ዓመቷ ገደማ ያለ አስተማሪ ማንበብ ጀመረች። በአሥራ አንድ ዓመቷ አሜሪካዊው አባቷ ሞተ፤ የቤቱም ገንዘብ ሳሳ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ገናን ያከብሩ የነበሩት ታላቅ እህቷ ማጅ ባገባችበት ቤተ ሰብ ዘንድ፣ አብኒ ሆል በተባለው ታላቅ ግቢ ነው። የዚያ ቤት የገና ማዕድ ከልቧ ስላልጠፋ በ1960 ላወጣችው የታሪክ መድበል መቅድም ላይ ትዝታውን ጻፈችው።

የሼርሎክ ሆምስን ታሪክ ያስተዋወቀቻት ይህችው እህቷ ናት። ሆምስ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት የታየው በ1887 በወጣ አንድ የገና መጽሔት ላይ ስለ ሆነ፣ በእንግሊዝ አገር ገናና ወንጀል ከቀድሞም ጎረቤቶች ነበሩ ማለት ይቻላል። አጋታ እኔም እንዲህ ያለ ታሪክ ልጻፍ ብላ ስትነሣ ማጅ እንደማትችል ነግራ እልህ አስያዘቻት።

ዲሴምበር 24 ቀን 1914፣ በገና ዋዜማ፣ አርቺባልድ ክሪስቲ የሚባል የበራሪዎች ጦር መኮንን አገባች። እርሱ ወዲያው ወደ ጦር ግንባር ተመለሰ፤ እርሷ በቶርኪ ሆስፒታል በመጀመሪያ ቁስለኞችን አስታመመች፣ በኋላም ወደ መድኃኒት ክፍል ተዛወረች። በዚያ በመደርደሪያ ከተደረደሩት ጠርሙሶች መካከል ተቀምጣ የትኛው መድኃኒት በምን ያህል ጠብታ መርዝ እንደሚሆን ተማረች። ነገሌ አረቄ የሚወጣባት ከተማ ስለ ሆነች እኛም ይህ ነገር እንግዳ አልሆነብንም፤ ዳግም አረቄ በመለኪያና በጠርሙስ ሲጠጣ አንድ እንዳልሆነ ከልጅነታችን አይተናል። የመጀመሪያው መጽሐፏ የተጻፈው በዚያን ጊዜ ነው። መርማሪው ኤርኩል ፖይሮም በጦርነቱ ምክንያት ወደ ቶርኪ ተሰድደው የመጡትን ቤልጆች አይታ የፈጠረችው ነው። ብዙ አሳታሚዎች መጽሐፉን አንፈልግም ብለው ከመለሱት በኋላ በ1920 በአሜሪካ፣ በ1921 በእንግሊዝ ታተመ። ከዚህ ሁሉ ድካም ያገኘችው 25 ፓውንድ ብቻ ነበር። የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት ግን ስለ መርዙ በትክክል በመጻፏ አመስግኗታል።

ከሕይወቷ ሁሉ የከፋው ዓመት 1926 ነው። በዚያው ዓመት እናቷ ሞተች፤ ባሏም ሌላ ሴት መውደዱን ነግሮ ፍቺ ጠየቃት። ዲሴምበር 3 ቀን ማታ አውቶሞቢሏን እየነዳች ከቤቷ ወጣች። መኪናው በነጋታው በኮረብታ ጥግ ባዶውን ተገኘ። ፖሊሶችና በፈቃዳቸው የመጡ ብዙ ሰዎች ሜዳውንና ኩሬውን ሲያስሱ፣ ጋዜጦችም ነገሩን ሲያራግቡ፣ እርሷ በሰሜን እንግሊዝ በሃሮጌት ከተማ በአንድ ሆቴል ተቀምጣ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ስትገኝ በሆቴሉ መዝገብ ላይ ተጽፋ የነበረው በባሏ ወዳጅ የቤተ ሰብ ስም ነው። ሐኪሞች ትዝታዋ ጠፍቷል አሉ፤ ሌሎች መጽሐፍ ለማሸጥ ያደረገችው ነው ብለው አሟት። እርሷ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ ስለዚህ ነገር ምንም ሳትናገር አልፋዋለች። ከመካከላችን አንዱ ምክንያቱን ፈልገን እንጻፍ ብሎ ነበር፤ ሁለታችን ተቃወምነውና ቀረ።

ፍቺው በ1928 ተፈጸመ። አንዲት ልጅ ይዛ ገንዘብ ስለቸገራት፣ ልቧ ባይፈቅድም «ሰማያዊው ባቡር» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈች። መጽሐፉን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልወደደችውም፤ ነገር ግን ደስ ሲላት ብቻ መጻፍዋ ቀርቶ መጻፍ እንጀራዋ የሆነው ያን ጊዜ መሆኑን ራሷ መስክራለች። እኛም ፈተና ሲደርስ ልባችን ያልፈቀደውን ገጽ ለምንገልጥ ሰዎች ይህ ታሪክ ከፖይሮ ብልሃት ይልቅ ደንቆናል። በዚያው ዓመት ብቻዋን በባቡር ወደ ባግዳድ ተጓዘች። ወደ ምሥራቅ በተመላለሰችበት ጊዜ የታሪክ ቅርስ ቆፋሪውን ማክስ ማሎዋንን ተዋውቃ በ1930 አገባችው። ከእርሱ ጋር በኢራቅና በሶርያ ቁፋሮ ስትውል ከመሬት የወጣውን የጥንት የዝሆን ጥርስ በፊት ቅባቷ ታጸዳ ነበር።

አሳታሚዋ ኮሊንስ እንግሊዞች ለገና መጽሐፍ የመስጠት ልማድ እንዳላቸው ስለሚያውቅ አዲስ መጽሐፏን ለበዓሉ ገበያ ማድረስ ልማድ አደረገ፤ በብዙ ቤት የክሪስቲ መጽሐፍ እንደ በዓሉ ምግብ የሚጠበቅ ሆነ። የእኛው ባለ ቅዳጁ መጽሐፍም ራሱ ስጦታ ነበር። የእህቷ ባል ጄምስ ግድያዎችሽ እጅግ ጨዋ ሆነው ደም አጡ እያለ ያማርራት ስለነበር፣ በ1938 ደም እንደ ልብ የሚፈስበትን ይህን የገና ታሪክ ጽፋ ለእርሱ መታሰቢያ አደረገችው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ለንደን ላይ ሲወርድ ደግሞ፣ ብትሞት እንዲጠቀሙበት አንድ መጽሐፍ ለልጇ፣ አንድ መጽሐፍ ለባሏ ጽፋ በአደራ አስቀመጠች። በ1947 ንግሥት ሜሪ ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው ለሬዲዮ የጻፈችላቸው አጭር ድራማ ኋላ «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው ቲያትር ሆኖ በ1952 በለንደን ተከፈተ። የቲያትሩን ገቢ መብት ለዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጇ ሰጠችው፤ ሕፃኑም ከዚያ የበለጠ የልደት ስጦታ ያገኘ አይመስለንም፤ በ2020 ወረርሽኙ እስኪያቋርጠው ድረስ ሳያርፍ ታይቷልና። ከ2021 ጀምሮ እንደገና ቀጥሏል። ተመልካቾች ሲወጡ ገዳዩን ለማንም እንዳይናገሩ አደራ ይባላሉ።

ይሁን እንጂ ሁሉንም አናመሰግንም። በ1939 የወጣውና ከመጽሐፎቿ ሁሉ ይልቅ የተሸጠው፣ አሥር ሰዎች በአንዲት ደሴት ላይ የሚያልቁበት ታሪክ፣ በእንግሊዝ አገር የታተመው ጥቁር ሕዝብን በሚሰድብ ቃል ተሰይሞ ነው። የአሜሪካ አሳታሚዎች ርእሱን ወዲያው ለወጡት፤ እንግሊዞች ግን ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት በዚያው ስም እየጠቀለሉ ለገና ተሰጣጡት። በቀድሞ መጽሐፎቿም ስለ አይሁድና ስለ ባዕድ ሰው የሚነገረው ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። ከእኛ አንዱ ይህን ከሰማ በኋላ መጽሐፎቿን ዳግመኛ አልነካም ብሏል። ሌሎቻችን እናነባለን፤ እርሱን ግን ተሳስተሃል ልንለው አልቻልንም።

ጠቅላላ ስልሳ ስድስት የወንጀል ልብ ወለዶች ጽፋለች፤ የተሸጠውም ቅጂ ከሁለት ቢሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በ1975 ለልጇ ያስቀመጠችው መጽሐፍ ታትሞ ፖይሮ ሲሞት፣ የኒውዮርኩ ታላቅ ጋዜጣ እንደ እውነተኛ ሰው ዜና ዕረፍቱን በፊት ገጹ አወጣ። እርሷ ራሷ ጃንዋሪ 12 ቀን 1976፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 3 ቀን 1968፣ ገናችን በዋለ በአምስተኛው ቀን፣ በሰማንያ አምስት ዓመቷ ዐረፈች። የተቀበረችው ቾልሲ በምትባል መንደር ነው። ለባሏ ያስቀመጠችው መጽሐፍ በዚያው ዓመት ወጣ።

የተቀደዱትን ቅጠሎች ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ከሌላ ቅጂ አግኝተን አነበብናቸው። በዚያች ሌሊት ከሦስታችን ገዳዩን ያወቀ አልነበረም፤ እሳቱን ትቆሰቁስ የነበረችው የባልንጀራችን እናት ግን ታሪኩን በአማርኛ ስንተርክላት ሰምታ በትክክል ገምታ ነበር። ማን እንዳለች አንጽፍም፤ ቅጠሎቹን በእጃችን ገልብጠን ከመጽሐፉ ጋር ሰፍተናቸዋል፤ ለሚመጣው ገና ለሌላ ሰው ልንሰጠው ነው።