ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፦ የኢትዮጵያን የአየር ክልል በሕግ ያስከበሩ የመንግሥት ሰው

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነትና በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሀገራቸውን ለረጅም ዘመን ያገለገሉ የሕግ ባለሙያ ናቸው። ስማቸው ብዙውን ጊዜ ከኤርትራ ጉዳይና ከተባበሩት መንግሥታት ክርክር ጋር ተያይዞ ይነሣል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በራሷ ሰማይ ላይ የማዘዝ መብቷን ባስመለሰችበትና የራሷን አየር መንገድ ባቋቋመችበት ወቅት የውጭ ጉዳይ ሥራው በእርሳቸው እጅ እንደነበር የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን በአጭሩ እየቃኘ በዚህ የአገልግሎታቸው ዘርፍ ላይ ያተኩራል።

ልደትና ትምህርት

አክሊሉ ሀብተ ወልድ በ1904 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የቡልጋ ተወላጅ የሆኑ ካህን ነበሩ። ወንድሞቻቸው መኮንን ሀብተ ወልድና አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድም እንደ እርሳቸው ለሚኒስትርነት ማዕረግ በቅተዋል። አክሊሉ በግብፅ እስክንድርያ በሚገኘው የፈረንሳይ ሊሴ ከተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግረው ሕግ አጠኑ።

የኢጣሊያ ወረራ በውጭ ሀገር ሳሉ ደረሰባቸው። በፓሪስ በነበረው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን እየሠሩ የሀገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ለማሰማት ከደከሙት ጥቂት ወጣቶች አንዱ ሆኑ። መሣሪያም ሠራዊትም በሌለበት በዚያ ዘመን ለአንድ የተወረረ ሀገር መልእክተኛ የቀረለት መከላከያ የሕግ ቃል ብቻ ነበር። ጀርመን ፈረንሳይን በያዘች ጊዜ ከፓሪስ ወጥተው በፖርቱጋል በኩል ግብፅ ደረሱ፤ ከዚያም ነፃ ወደ ወጣችው ኢትዮጵያ ተመለሱ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የቀረው ሥራ

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢገቡም የሀገሪቱ ነፃነት ገና ሙሉ አልነበረም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር የተፈረመው ስምምነትና ተጓዳኙ የጦር ውል ለብሪታንያ ሰፊ መብት ሰጥተው ነበር። የብሪታንያው መልእክተኛ ከሌሎች መንግሥታት መልእክተኞች ሁሉ በክብር እንዲቀድም ተደረገ። የምድር ባቡሩ መስመርም በብሪታንያ ጦር ቁጥጥር ሥር ዋለ። የብሪታንያ አውሮፕላኖች ወደ ኢትዮጵያ ለመብረር ልዩ መብት ሲያገኙ የሌላ ሀገር አውሮፕላን ግን ያለ ብሪታንያ መስማማት መግባት አይችልም ነበር። ወደብ ያልነበራት ኢትዮጵያ የባቡር ሐዲዷንም ሰማይዋንም ሌላ የሚያዝበት ከሆነ ከዓለም ጋር የምትገናኝበት በር ሁሉ ቁልፉ በሰው እጅ ነበር ማለት ነው።

አክሊሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በምክትል ሚኒስትርነት ሥራ የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። ከጎናቸው የሚኒስቴሩ የሕግ አማካሪ የነበረው አሜሪካዊው የዓለም አቀፍ ሕግ ምሁር ጆን ስፔንሰር ነበር። ስፔንሰር ቀደም ሲል በ1928 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ያገለገለና ከነፃነት በኋላ በድጋሚ የተጠራ ሰው ነው። በፓሪስ ሕግ የተማረው ሚኒስትርና ከአሜሪካ የመጣው አማካሪ ለረጅም ዓመታት ተባብረው ሠሩ። አማካሪው የሌሎች መንግሥታትን ልምድና የውሎችን አንቀጽ ያቀርባል፤ መንገዱን የሚመርጠውና በፊርማው ኃላፊነት የሚወስደው ግን የኢትዮጵያ ባለሥልጣን ነበር።

የሰማይ ባለቤትነት

1937 ዓ.ም. ለዚህ ጥረት ፍሬ የተገኘበት ዓመት ሆነ። በጥቅምት ወር መጨረሻ በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የተከፈተው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ጉባኤ ኅዳር 28 ቀን በስምምነት ሲጠናቀቅ ኢትዮጵያ በዋሺንግተን መልእክተኛዋ በብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን መሪነት ተካፋይ ነበረች። የቺካጎ ስምምነት የመጀመሪያ አንቀጽ እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት እንዳለው ያረጋግጣል። ይህ መርሕ ለትልልቆቹ መንግሥታት የታወቀ ነገር ነበር፤ በራሷ ሰማይ ላይ በሌላ ፈቃድ ታስራ ለነበረች ሀገር ግን ትልቅ የመከራከሪያ ማስረጃ ነበር።

ጉባኤው በተዘጋ በ12ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ከብሪታንያ ጋር አዲስ ስምምነት በአዲስ አበባ ተፈረመ። በኢትዮጵያ በኩል ፊርማቸውን ያኖሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ነበሩ። በዚህ ስምምነት የብሪታንያ መልእክተኛ ቀዳሚነት ተሻረ፤ የባቡሩ መስመር ተመለሰ፤ በአየር ጉዞ ላይ የነበረው የብሪታንያ ልዩ መብትም አበቃ። የኦጋዴን ጥያቄ ግን ገና ሳይፈታ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

አየር መንገዱን የወለደው ውል

ሰማዩ ከተመለሰ በኋላ የሚበርበት አውሮፕላን ያስፈልግ ነበር። በጊዜው ኢትዮጵያ በቂ የሠለጠነ አብራሪም የጥገና ባለሙያም አልነበራትም። ቀላሉ መንገድ ለአንድ የውጭ ኩባንያ የበረራ መብት ሰጥቶ ክፍያ መቀበል ነበር፤ የተመረጠው ግን ሌላ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ኩባንያ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት ድርጅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ንብረት ሆኖ አስተዳደሩን፣ አብራሪዎቹንና ቴክኒሻኖቹን አሜሪካዊው ኩባንያ እንዲያቀርብ ተወሰነ። ባለቤትነትን ከሥራ አመራር የለየው ይህ አሠራር ሙያ ከውጭ እየተቀዳ ሀብቱ በሀገር እጅ እንዲቆይ አስችሏል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። የሥራው መጀመሪያ ከጦርነቱ የተረፉ 5 ዲሲ 3 ዓይነት አውሮፕላኖች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ቀስ በቀስ እየሠለጠኑ ከቆዩ በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የሚመለከት ሰው የዚህን ምርጫ ትርጉም በቀላሉ ይረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ ባለሙያዎችን ጋፋት ላይ ሰብስበው መድፉን በሀገራቸው ምድር አሠርተው ነበር። ከአደባባዩ ወደ ለገሐር የሚወርደው ጎዳና በአንጻሩ የብሪታንያውን ጠቅላይ ሚኒስትር የቸርችልን ስም ይዟል። የውጭ ዕውቀትን መፈለግና በውጭ ኃይል አለመዋጥ፣ ወዳጅነትን ማክበርና የወዳጅን የበላይነት አለመቀበል፤ የአክሊሉ ትውልድ ያደረበት ፈተና ይኸው ነበር።

በዓለም መድረክ

አክሊሉ በሰኔ 1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በተፈረመበት በሳንፍራንሲስኮ ጉባኤ ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ ነበሩ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተደረገውን የሰላም ውል ፓሪስ ላይ በሀገራቸው ስም ፈረሙ፤ በውሉም ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ የወሰነው ከብዙ ዓመታት ክርክራቸው በኋላ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትርነትና ፍጻሜ

በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከጥቂት ወራት በፊት ወንድማቸው መኮንን በታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተገድለው ነበር። በእርሳቸው ዘመን አዲስ አበባ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተባት ከተማ ሆነች። በሌላ በኩል የኤርትራ ፌዴሬሽን የፈረሰው፣ የመሬት ይዞታ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የቀረውና የወሎ ረሀብ የደረሰው በዚሁ ዘመን በመሆኑ መንግሥታቸው ከፍተኛ ወቀሳ ይቀርብበታል።

የሠራዊቱና የሕዝቡ ተቃውሞ በበረታ ጊዜ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽን የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ በጽሑፍ አቀረቡ፤ ጽሑፉም ከብዙ ዓመታት በኋላ በመጽሐፍ ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከ60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ጋር ተገደሉ። ዕድሜያቸውን በሕግ ሲከራከሩ የኖሩት ሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይሰጥባቸው አለፉ።

ለዛሬ የቀረው

ዛሬ በኢትዮጵያ ሰማይ ለማለፍ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያዎቿ ለማረፍ የሚፈልግ የውጭ አየር መንገድ ፈቃድ የሚጠይቀው ኢትዮጵያን ነው። የሀገሪቱ የሲቪል አቪዬሽን ሕግና በሥሩ የሚሠራው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የቆሙት በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ለመንገደኛውም ሆነ ለአገልግሎት ጠያቂው ተራ ነገር የሚመስለው ይህ መብት በ1930ዎቹ አንቀጽ በአንቀጽ ተከራክረው ያስመለሱት ሰዎች የሥራ ውጤት ነው።