የእንዶዱ ሊቅና እኛ

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ተማሪዎች እንዶድን የምናውቀው ከቤታችን ነው። እናቶቻችን የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው በውሃ ሲመቱት አረፋ ያወጣል፤ ነጠላውም ጋቢውም በእርሱ ይነጣል። ይህን የአገር ሳሙና ለዓለም ሐኪሞች ሸንጎ ያቀረቡት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ሕይወታቸው የመመረቂያ ጥናት ለምንጽፍ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ስላለው በአጭሩ እንተርከዋለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሊቅ ነበሩ። በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በሽታው ከመንዝ ቁልቁል፣ በሸዋ ሮቢት ቆላም የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ያዩትን በቤተ ሙከራ ፈትነው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም በዩኒቨርሲቲው አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ወንዞች እንዶድ ሲጨመር፣ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከመቶ 63 ወደ 34 ገደማ ወረደ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም ብርቱ የሆነውን የእንዶድ ዘር መርጠው አወጡ።

ሆኖም እንዶድ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓለም አቀፍ ደንብ የተደረገ የመርዛማነት ፍተሻ ጠየቁ፤ ፍተሻው ውድ ስለ ነበር ብዙ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ በካናዳ ድጋፍ ተፈጸመ። ዓይን እንደሚያስቆጣና ዓሣ እንደሚጎዳም ተጻፈ። ዶክተር አክሊሉ በአፍሪካ የተሠራ ጥናት አይታመንም ብለው አዘኑ። ኀዘናቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ1997 ዐረፉ።

ወንድሞችና እኅቶች! ከዚህ ምን እንማራለን? የፍተሻ ደንብ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ይወስናል፤ የሪፖርት ደንብ ደግሞ የተሠራው እንዴት እንደሚነገር ይወስናል። የሕክምና ሙከራን ለመጻፍ ኮንሶርት የተባለው ደንብ በ1996 ወጣ፤ ያለ ሙከራ በማየት ለሚደረግ ጥናት ስትሮብ በ2007 ተከተለ። ሁለቱም የሚጠይቁት ግልጽ ነገር ነው፦ ስንት ሰው ገባ? እንዴት ተመረጠ? ስንቱ አቋርጦ ወጣ፣ ለምን? ሙከራ ከሆነ ምን ጉዳት ታየ?

ይህ ጥያቄ ለቦስተን ሊቅም ለደብረ ብርሃን ተማሪም አንድ ነው። እርግጥ ደንብ መጥፎ ጥናትን ጥሩ አያደርግም፤ የአንባቢንም ንቀት ሁሉ አያጠፋም። ነገር ግን የናቀን ሰው ሰበብ እንዳያገኝ ያደርጋል። የእኛ ጥፋት ዝርዝሩን የምንከፍተው ጽሑፉ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ያልመዘገብነውን ከየት እናመጣዋለን? ያላማረውን ውጤት ለመደበቅም ፈተናው ያን ጊዜ ይበረታል።

እንግዲህ ጥናቱን ባቀድንበት ቀን ደንቡን እንክፈት፤ ያቋረጠውንም፣ የተጎዳውንም፣ ያልተሳካውንም እንጻፍ። በእናቶቻችን ጓሮ ገና ያልተመረመረ ብዙ ዕፅ አለ። ዳግመኛ ዓመታት እንዳይባክኑ የእኛን ድርሻ እንወጣ።