ስለ ሰላም ወገን የያዘችው ጋዜጠኛ

በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ፣ ለአርበኞች በተከለለው ስፍራ አንዲት እንግሊዛዊት ተቀብራለች። ስሟን ብዙዎቻችን የምናውቀው በልጇ፣ በታሪክ ምሁሩ በፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በኩል ነው። እኔ ግን ስለ ሲልቪያ ፓንክረስት ለመጻፍ የተነሣሁት የሙያ ባልደረባችን ስለሆነች ነው። ከዕድሜዋ አብዛኛውን ጋዜጣ ስታዘጋጅ ኖራለች። በክፍል ስለ ሚዛናዊነት የምንማረውን ከእሷ ሥራ ጋር ሳስተያየው ደግሞ ነገሩ ጥያቄ ይሆንብኛል።

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1882 በማንቸስተር ከተማ ተወለደች። እናቷ ኤመሊንና እህቷ ክሪስታቤል ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው ትግል ግንባር ቀደም ነበሩ። እሷም ሥዕል ተምራ ሳለ ትግሉ ይበልጥባትና ተሰለፈች፣ ታሰረች፣ የረሃብ አድማ ስታደርግም በቱቦ ምግብ በግድ ተጋተች። ከእናትና ከእህቷ ጋር በፖለቲካ ቀድሞም ተቃቅረው ነበር፤ ጨርሶ የለያያቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1914 የተነሣው የአንደኛው ዓለም ጦርነት ነው። እነሱ ወንዱ እንዲዘምት ሲቀሰቅሱ እሷ ጦርነቱን ተቃወመች።

ተቃውሞዋ በአደባባይ ንግግር ብቻ አልቀረም። በምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈር ባሎቻቸው የዘመቱባቸው ሴቶች ከነልጆቻቸው ሲራቡ በርካሽ የሚበላባቸው ምግብ ቤቶች ከፈተች። በጠመንጃ ሠሪዎች ስም ይጠራ የነበረን አንድ መጠጥ ቤት ደግሞ ወደ ሕፃናት መዋያና ክሊኒክ ለውጣ በእናቶች ስም ጠራችው። (በእንግሊዝኛ የጦር መሣሪያና ክንድ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ የጠመንጃ ሠሪዎቹ መሣሪያ የነበረው የእናቶች ክንድ ሆኖ ቀረ። መቼም አርታኢ ናት!) በዚያው ሰፈር የምታሳትመው ጋዜጣ ጦርነቱን መቃወሙን ቀጠለ። ከጦርነቱ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1920 በጋዜጣዋ ላይ በወጡ ጽሑፎች ምክንያት የስድስት ወር እስራት ተፈረደባት።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ምን ታድርግ? የሁለቱንም ወገን መሣሪያ አውግዛ ዝም ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን ፋሺዝም ምን እንደሆነ ቀድማ ታውቃለች፤ የሕይወት አጋሯ ሲልቪዮ ኮርዮ ራሱ በስደት ለንደን የሚኖር ኢጣሊያዊ ጋዜጠኛ ነበር። ስለዚህ ለተወረረችው አገር ወገነች። ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣዋ የመጀመሪያ እትም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የሚል ቀን አለው፤ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ማለት ነው። የእሷም 54ኛ ዓመት የልደት ቀን ነበር።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሌላው ጋዜጣ የኢትዮጵያ ነገር አለቀ ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ሲሄድ እሷ ጀመረች። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 የኢጣሊያን ገዢነት ሲቀበል እንኳ ጋዜጣዋ አልቆመም። ስለ መርዝ ጋዙ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ስለተጀመረው የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ፣ በየጫካው ስላሉት አርበኞች በየሳምንቱ ጻፈች። በየካቲት 12 ያለቁት ሰዎች በዚያ ጊዜ በገዛ ከተማቸው ማንም በይፋ ሊያለቅስላቸው አይችልም ነበር። ስማቸው የሚነሣው ለንደን ውስጥ በሚታተም ትንሽ ጋዜጣ ላይ ነበር።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1936 በምትኖርበት በዉድፎርድ መንገድ ዳር አንድ ሐውልት አስቆመች። ሐውልቱ ከድንጋይ የተጠረበ ቦምብ ነው፤ ቀራጺው ኤሪክ ቤንፊልድ ይባላል። በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ምፀት ነው፤ መታሰቢያነቱን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1932 በአውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብት ይከበር ብለው ለተሟገቱት ሰዎች ነው። ያኔ መብት የተባለው ነገር ኢትዮጵያ ላይ ምን እንዳደረገ እኛ እናውቃለን። ሐውልቱ አሁንም እዚያው አለ።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ጋዜጣዋ ሚዛናዊ ነበር? አልነበረም፤ አልደበቀችውምም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በቦምብ ጣዩና በሚጣልበት ሰው መካከል እኩል አምድ መስጠት ራሱ ለጣዩ ማድላት ነው። ከጋዜጠኛ የሚጠበቀው እውነቱን ሳያዛባ ማቅረብ ነው። ደካማ ጎኗን ካነሣን ኢትዮጵያን በጣም ከመውደዷ የተነሣ በንጉሡ መንግሥት ላይ ብዕሯ እንደ እንግሊዙ ስለት አልነበረውም። ያም ሆኖ ለራሳቸው ለንጉሠ ነገሥቱ የምትደግፋቸው ዓላማቸው ትክክል ስለሆነ እንጂ ንጉሥ ስለሆኑ እንዳልሆነ ነግራቸዋለች ይባላል።

ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣትነቷ ለሞተችው ነርስ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሆነው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ አሰባሰበች። በ1956 እ.ኤ.አ. ከልጇ ጋር አዲስ አበባ ገብታ ኖረች፤ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔትም እዚሁ ማዘጋጀት ጀመረች። የ74 ዓመት ሴት አዲስ መጽሔት ስትጀምር አስቡት!

መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት አረፈች። በቀብሯ ላይ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጣት። መጽሔቱን ልጇና ምራቷ ሪታ ቀጠሉት።