አማርኛ የጠፋባቸው ሐኪም

የዛሬው ባለታሪካችን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። መጀመሪያ ግን የራሴን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ሴሚስተር እንግሊዝኛ ስወድቅ ራሴን ደደብ እያልኩ ስሰድብ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እናቴ ጋ ስደርስ፣ ታናሽ እህቴ መጽሐፏን ይዛ መጣችና እንዳስነብባት ለመነችኝ። አንድ ቃል ስትሳሳት እሷንም ደደብ አልኳት። መጽሐፉን ዘግታ አለቀሰች። ለራሴ የለመድኩት ስድብ ነው ለሷ የወጣው።

ደሴ ተመልሼ የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ያነበብኩት በዚያ ሳምንት ነው። የተወለዱት ጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ መቅደላ ላይ ከቤተሰባቸው ጠፉ። ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን አግኝቶ ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እሱ ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን አስተማራቸው። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ከተማ ሕክምና ተማሩ፤ ትምህርታቸውንም ስኮትላንድ ሄደው አሻሻሉ።

ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸው ገቡ። አያታቸው በልጅነት ጠባሳቸው ለዩአቸው። ግን እንዴት ያውሩ? ያ የጠፋ ልጅ አማርኛውን ረስቶታል! በአስተርጓሚ ሆነ።

እኔ ብሆን አፍሬ እመለስ ነበር። እሳቸው ግን ቋንቋው የጠፋባቸው በጥፋታቸው እንዳልሆነ የገባቸው ይመስለኛል። እያወቁ ባሉት ሕክምና ሰው ረዱ፣ የጎደላቸውን ደግሞ እንደ ልጅ ተማሩ። በኋላ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሩ። አማርኛ ረስተው የመጡት ሰው፣ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጁ! ያረፉት በ1945 ዓ.ም. ነው።

ለራስ ማዘን ስንፍና ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ራሱን የሚሰድብ ሰው ሌላውን በትዕግሥት ማስተማር እንደማይችል አየሁ። በቀጣዩ ቅዳሜ እህቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። እኔም እንግሊዝኛ እንደወደቅኩ ነገርኳት። ትንሽ ሳቀችብኝና መጽሐፏን አመጣች። አሁን እሷ አማርኛ፣ እኔ እንግሊዝኛ እየተሳሳትን አብረን እናነባለን።

እናንተስ ስትሳሳቱ ራሳችሁን ምን ትሉታላችሁ? በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ 7ኛ ክፍል