ትራኮማና የአን ሱሊቫን ሕይወት

ዓለምን የምናውቀው በስሜት ሕዋሳታችን ነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው እንዴት እንደሚያግዝ፣ መጠበቁም ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የአን ሱሊቫን ሕይወት ያሳየናል።

አን እ.ኤ.አ. በ1866 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደች። በአምስት ዓመቷ ገደማ ትራኮማ ይዟት ዓይኗ ክፉኛ ደከመ። በ14 ዓመቷ ፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። በተደረገላት ቀዶ ሕክምና ማንበብ ቻለች፤ የጣት ፊደልም ተማረች።

በ1887 ማየትና መስማት ለተሳናት ለስድስት ዓመቷ ሄለን ኬለር መምህርት ሆነች። አንድ ቀን በአንድ እጇ ላይ ውሃ እያስፈሰሰች፣ በሌላኛው መዳፏ ላይ “ውሃ” የሚለውን ቃል በጣት ፊደል ደጋግማ ጻፈችላት። ሄለን ነገር ሁሉ ስም እንዳለው የተረዳችው ያኔ ነበር። ከዚያ ወዲያ በመዳፏ ተምራ በ1904 ከኮሌጅ ተመረቀች። የአን ዓይን ግን እያደር ደክሞ፣ በ1936 ከማረፏ በፊት ብርሃኗን አጣች።

ይኸው በሽታ በጋሞ ዞን ገጠሮችም የብዙዎችን ዓይን የጎዳ ነው። በእጅ፣ በጋራ ፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ነው፤ ውሃ ደግሞ ዋነኛ መከላከያ ነው። ስለዚህ የልጆችዎን ፊት በየቀኑ ይጠቡ፤ ፎጣ ለየብቻ ይሁን፤ መጸዳጃ ቤት ይጠቀሙ፤ በዘመቻ የሚታደለውን መድኃኒት ይውሰዱ። ሽፋሽፍትዎ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንዎን የሚወጋ ከሆነ በወረንጦ እየነቀሉ አይቆዩ። ቀላል ቀዶ ሕክምና ስላለው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።